እማማ ያነበቡት ቃል

የያዙኝ አጋሮ፣ ተማሪዎቼ ፊት ነው። ጠመኔው እጄ ላይ እንዳለ መኪና ላይ ጫኑኝ። ጅማ ደርሰን ያስገቡኝ ድሮ የቡና መጋዘን የነበረ አዳራሽ ውስጥ ነበር። መስኮቶቹ ጣሪያው ሥር ናቸው፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ግድግዳው ውስጥ የቀረው የጆንያ ሽታ ይነሳል። አሥራ ስምንት ሴቶች ነበሩበት። አሥራ ዘጠነኛዋ ሆንኩ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር።

ጠጋ ብለው ቦታ የሰጡኝ የሄርማታ ገበያ ቅቤ ነጋዴ ነበሩ። ሁላችንም "እማማ" ነበር የምንላቸው። የታሰሩት ወንድ ልጃቸው ስለጠፋ ነው። "የት ደበቅሽው?" ይሏቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ የት እንዳለ አያውቁም። አስተማሪ መሆኔን ሲሰሙ ለምን እንደታሰርኩ እንኳ አልጠየቁኝም።

"ኢንተላ ኮ፣ ፊደል ታስቆጥሪኛለሽ?" አሉኝ። "ልጄ" ማለታቸው ነው። "የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሰፈራችን ሲመጣ ገበያው አላስቀምጥ ብሎኝ ቀረሁ። እዚህ ግን የት እሄዳለሁ?"

በማግስቱ ጀመርን። ሰሌዳችን ወለሉ ነበር። የጨርቅ ጫፍ ውሃ ነክሬ እጽፋለሁ፤ እሳቸው ፊደሉ ሳይደርቅ ያነቡታል።

እኔ ችኩል ነበርኩ። በሦስት ወር ፊደሉን፣ በስድስት ወር ንባቡን ብዬ አቀድኩ። መቼ ለምርመራ እንደሚጠሩኝ አላውቅም፤ ሳስተምር ደግሞ ፍርሃቱ ይርቀኛል። ጠዋት ለሩብ ሰዓት ወደ ግቢው ሲያወጡን እንኳ እንጨት ፈልጌ አፈሩ ላይ መጻፍ እጀምራለሁ። እማማ ግን ግድግዳውን ተደግፈው ፊታቸውን ለፀሐይ ይሰጣሉ።

"እማማ፣ ጊዜ የለንም እኮ።"

"ይቺ ሩብ ሰዓት የፀሐይ ናት። አትንኪብኝ።"

አንድ ቀን ከቤታቸው ብርቱካን መጣላቸው። ለሁላችንም አንዳንድ ክፋይ ደረሰን። የኔን ዋጥ አድርጌ ጨርቁን ውሃ ውስጥ ስነክር አዩኝ።

"ጨረስሽ? ምን ምን ይላል?"

ጨርቁን እንደያዝኩ ቀና አልኩ። ሳቁብኝ። የእሳቸው ገና አፋቸው ውስጥ ነበር፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚመጥጡት። "ማንበቡን እፈልገዋለሁ፣ ወላሂ እፈልገዋለሁ" አሉኝ። "ግን እሱ እስኪመጣ ድረስ ያለውንስ ለማን ልተወው?"

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አጠገባቸው እቀመጥ ጀመር። ትምህርቱ አልዘገየም። በዓመቱ መጨረሻ ስኳር የተጠቀለለበትን የጋዜጣ ቁራጭ አንብበው ሲጨርሱ እንደገና ከላይ ጀመሩት።

አንድ ረፋድ መርማሪው ጠረጴዛውን ግቢው ውስጥ ካለው ዋንዛ ሥር አስወጥቶ እያንዳንዳችንን በተራ ይጠራ ጀመር። በጽሕፈት መኪና የተጻፈ ቃል ያቀርባል፤ የጣት አሻራ ይቀበላል። ከኛ መሃል አንዲት ሴት ባለፈው ወር እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ አሻራዋን አድርጋ ነበር። ወሰዷት፤ አልተመለሰችም።

እማማ ተጠሩ። መርማሪው የቀለሙን ሳጥን ገፋላቸው።

"አውራ ጣትሽን።"

"ቆይ፣ ላንብበው።"

ሳቀ። እሳቸው ጎንበስ ብለው ጣታቸውን የመጀመሪያው ፊደል ላይ አሳረፉ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ከተቀመጥንበት ይታየናል። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

"'ልጄን ደብቄ ስንቅ ስልክለት ቆይቻለሁ' ይላል።" ቀና አሉ። "ይህን አላልኩም።"

"ያው ነው። አድርጊ!"

"ያው አይደለም። የት እንዳለ አላውቅም ነው ያልኩት። ያልኩትን ጻፈውና እፈርማለሁ።"

መርማሪው ወደኛ ዞረ። "ማነው ያስተማራት?"

ተነሳሁ።

"እኔ ነኝ። አስተማሪ ነኝ።"

ወረቀቱን ቀደደው። እሳቸው ጠያቂ ተከለከሉ፤ እኔ አርባ ቀን ወደ ግቢ እንዳልወጣ ተደረግሁ። እማማ በየጠዋቱ ተመልሰው ውጪ ያዩትን ይነግሩኝ ነበር፦ ዋንዛው አበባ ማውጣቱን፣ ከጅሬን ኮረብታ በኩል ደመና መምጣቱን። አንድም ቀን አልዘለሉም።

አርባው ቀን እንዳለቀ አዲስ ወረቀት መጣ። እማማ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ያሉት ብቻ ነበር። የቀለሙን ሳጥን በክርናቸው ወደ ጎን ገፍተው እስክሪብቶ ጠየቁና ስማቸውን ጻፉ። ከወራት በኋላ ተፈቱ። እኔ በተከታዩ ዓመት ወጣሁ፤ ወደ ማስተማሩም ተመለስኩ።

ጡረታ ስወጣ የትምህርት ቢሮው ጸሐፊ የአገልግሎት ዘመኔን ስትደምር የእስሩን ሁለት ዓመት ዘለለችው።

"እነዚህን ሁለት ዓመታት ሥራ ላይ አልነበሩም አይደል፣ እትዬ?" አለችኝ በትሕትና።

"ነበርኩ" አልኳት። "አንድ ተማሪ ነበረችኝ፤ ፈተናዋን አልፋለች።"

ደንቡ እንደማይፈቅድ ነገረችኝ። አውቃለሁ አልኳት። እንዲጻፍልኝ አልነበረም የነገርኳት።