ሽማግሌውን የነዘረው በር

ሽማግሌዎች እኔን ለምወደው ልጅ ሊጠይቁ የመጡበት ክረምት፣ አባባ ከአንዲት አምፖል ጋር ሲታገሉ የከረሙበት ክረምት ነው። አምፖሏ የተሰቀለችው መካኒሳ ካለው ቤታችን የቆርቆሮ በር በላይ፣ በእንጨቱ ምሰሶ ላይ ነበር። ደርግ ከወደቀ ገና ጥቂት ዓመታት ቢሆነው ነው፤ በሰፈራችን የመንገድ መብራት ስላልነበረ ለጎረቤትም የምታበራው እሷው ነበረች።

ችግሯ ዝናብ ሲጥል ነው። ብልጭ ድርግም ትልና ትፈዛለች፤ አንዳንዴም ፊውዙን አቃጥላ ቤቱን በሙሉ ታጨልመዋለች። አባባ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ግን "በገዛ ቤቴ ባለሙያ አልጠራም" ባይ ነበሩ። ዝናቡ ሲያባራ ወንበር ላይ ይወጣሉ፣ እኔ ወንበሩን እይዛለሁ። መጀመሪያ አምፖሉን ቀየሩ። ቀጥለው አምፖሉ የሚገባበትን ፖርታላምፓ። ከዚያ ማብሪያ ማጥፊያውን ፈትተው አጸዱ፣ የተቀጠለውን ሽቦ በናስትሮ ጠቀለሉ። በየጥገናው ማግስት ፀሐይ ትወጣና መብራቱ ደህና ይሆናል። "አየሽ?" ይሉኛል ካቻቢቴውን ኪሳቸው እየከተቱ። ያዳነችው ፀሐይዋ ትሆናለች ብለን ሁለታችንም አላሰብንም።

ሽማግሌዎቹ የሚመጡበት እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ ይዘንብ ነበር። አባባ እንግዶቹ ደጁ እንዳይጨልምባቸው ብለው በቀን መብራቱን አበሩና ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ሳሎን ተቀመጡ። እኔ እንደ ወጉ ጓዳ ገባሁ፤ የምትጠየቅ ልጅ ለሽማግሌ አትታይም።

በሩ አንድ ጊዜ ተንኳኳ። ከዚያ የሰማሁት ጩኸት ነው።

"ኧረ ያዘኝ! ኧረ በሩ ያዘኝ!"

ወጉም ምኑም ጠፋኝ። ስወጣ አባባ እጃቸውን ወደ በሩ ዘርግተው በዝናቡ ይሮጣሉ። "አባባ፣ እንዳይነኩት!" ብዬ ጮህኩና በረንዳው ላይ ካለው ቆጣሪ ሥር ፊውዙን ነቀልኩ።

በሩ ሲከፈት የሽማግሌዎቹ ታላቅ ጭቃው ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ኮረንቲው ሲለቃቸው በግራ እጃቸው ላይ ወድቀዋል፤ ጋቢያቸው ግማሹ ቦይ ውስጥ ነው። ሁለቱ ባልደረቦቻቸው እሳቸውን መንካት ፈርተው ራቅ ብለው ቆመዋል። እኔ በጓዳ ልብሴ፣ ሹሩባዬ ግማሹ ተፈትቶ፣ ፊውዙን እንደጨበጥኩ መታየት በማይገባኝ ሰዎች ፊት ተገተርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እማዬ ነገሩን ልታድን ሞከረች። "ሠራተኛ አምጥተን ነው እኮ ያሠራነው፤ አበላሽቶት ሄዶ ነው እንጂ..."

"ሠራተኛ አልነካውም" አሉ አባባ አንገታቸውን ደፍተው። "የሠራሁት እኔ ነኝ።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቀና ብለው አዩና በጣታቸው አሳዩን። ሽቦው ከጣሪያው ወደ ምሰሶው ሲሻገር በበሩ ቆርቆሮ ጠርዝ በላይ ያልፋል። ነፋስ ሲያወዛውዘው ቆርቆሮው ላስቲኩን ልጦታል። ሲደርቅ ለጥቂት ይርቀዋል፤ ዝናብ ሲያከብደው ግን ረግቦ ይተኛበታል። እኛ ክረምቱን ሙሉ አምፖሏን ብቻ ነበር የምናየው።

"ይሄ ጥሩ ገድ አይደለም፤ እንመለስ" አሉ ሌላው። የመጡበትን ጉዳይ ሳያነሱ፣ የወደቁትን ደግፈው ሄዱ። አባባ ያን ቀን እህል አልቀመሱም።

በማግስቱ ጠዋት "ልበሺ፣ ሰውየው ዘንድ እንሄዳለን" አሉኝ።

እማዬ አበደች። "አንተ ሰው፣ የሴት ልጅ አባት ሽማግሌ ቤት? ያውም ልጅቷን አስከትለህ? ውሰዱልኝ እያልክ እኮ ነው የሚመስለው!"

"የመሰለው ይምሰል።"

በታክሲ ላፍቶ ወርደን ጭቃውን በእግር አቋርጠን ደረስን። ሽማግሌው እጃቸውን ወጌሻ አሽቶ አስሮላቸው መደብ ላይ ጋደም ብለዋል። አባባ በሩ ላይ ቆመው ተቀመጡ ሲባሉ እንቢ አሉ። "የማላውቀውን ነካክቼ ሰው ልገድል ነበር። ይቅር ይበሉኝ" ብለው ጎንበስ አሉ። አባቴ ለማንም ሲያጎነብሱ አይቼ አላውቅም ነበር። ዓይኔን የማሳርፍበት ጠፋኝ።

"እግዜር ይቅር ይበለን። ሞትኩ እንዴ?" አሉ ሽማግሌው። ቀጥለው እኔን አዩ። "ኮረንቲውን ያጠፋችው ይቺ ናት? እነዚያ ሁለቱ 'ልጅቷ ዓይን አውጣ ናት፣ ሮጣ ወጣች' እያሉ ነው። ባትወጣ ኖሮ ዛሬ ለቅሶ ላይ ነበራችሁ እላቸዋለሁ።"

ሊያጽናኑኝ ነው። እኔ የሰማሁት ግን "ዓይን አውጣ" የሚለውን ብቻ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ እኒያው ሽማግሌ ሁለቱን አስከትለው ተመልሰው መጡ። በወጉ የልጅቷ አባት ቶሎ እሺ አይልም፤ "ከዘመድ ልምከር" ብሎ ይመልሳል፣ ሽማግሌም ይመላለሳል፤ የልጅ ክብር እሱ ነው። ጓዳ ሆኜ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ሽማግሌው "ልጅዎን ለልጃችን..." ብለው ሳይጨርሱ የአባባ ድምፅ ተሰማኝ።

"ሰጥቻለሁ።"

አንድ ጊዜ እንኳን አልመለሷቸውም። የምወደውን ልጅ ላገባ ነው፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ለወደቁት ሰው ካሳ ተደርጌ የተሰጠሁ መሰለኝና ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።