የደረሰበት ቀን አይቆጠርም

ባለፈው ልጄ ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ስንት ቀን እንደቀራት ስትጠይቀኝ «ሁለት ሳምንት፤ አስራ አምስት ቀን» አልኳት። «ዳዲ፣ ፎርቲን እኮ ነው!» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፤ እኛ ሳምንትን ስምንት፣ ሁለቱን አስራ አምስት የምንለው የቆምንበትን ቀን ጨምረን ነው። ይህ አቆጣጠር በጎረምሳነቴ አንድ እሁድ ሙሉ እህል እንዳልቀምስ አድርጎኛል።

ያኔ ኦክላንድ በምኖርበት ሕንጻ ላይኛው ፎቅ አደይ ለተብርሃን የሚባሉ፣ አዲስ አበባ ያደጉ ኤርትራዊት እናት ነበሩ። መስከረም ላይ ፀሐዩን አይተው በርበሬያቸውን የጋራው በረንዳ ላይ ያሰጣሉ፤ ሕንጻው በሙሉ ያነጥሳል። የሕንጻው ባለቤት ቢለምን፣ ቢያስጠነቅቅ እምቢ አሉ። በመጨረሻ ቤቱን ይልቀቁልኝ ብሎ ከሰሳቸው።

መጥሪያው ማክሰኞ ደረሳቸው፤ የዚያኑ ዕለት ለእኔ ሰጡኝ።

«እንግሊዝኛው ያንተ ነው ልጄ፤ አይተህ ንገረኝ።»

እሺ ብዬ መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያማ ረሳሁት! ሳን ሆዜ ያለች ልጅ ወድጄ ነበርና ከሥራ ስወጣ ፍሪዌዩን ይዤ ወደዚያው ነበር። ፍቅር የያዘው ሰው የሚያነበው የራሱን ደብዳቤ ብቻ ነው።

እሁድ ሶፍት ስፈልግ ወረቀቱ እጄ ላይ ወጣ። በአምስት ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጡ ሳይደመጡ ሊፈረድባቸው ይችላል ይላል። በጣቴ ቆጠርኩ፤ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ አርብ፣ ቅዳሜ። አልቋል። ክው አልኩ። ሌላ መጠጊያ የላቸውም፤ ሜዳ ላይ የምጥላቸው እኔ ነኝ።

ሰኞ ጠዋት «ትንሽ ፎርም አለች» ብዬ ፍርድ ቤት ይዣቸው ሄድኩ። እሳቸው ሰልፉ ላይ ቆሎ ያካፍሉኛል፤ እኔ እየተቀበልኩ ኪሴ እከታለሁ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴትዮ ወረቀቱ መቼ እንደደረሳቸው ጠየቀችኝ። «ማክሰኞ» አልኩ። ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር በጣቷ እየነካች ቆጠረችልኝ። የደረሰበት ቀን አይቆጠርም፤ ከረቡዕ ሲጀመር አምስተኛው እሁድ ነው፤ እሁድ ደግሞ ዝግ ስለሆነ ወደ ሰኞ ያልፋል። ዛሬ ማለት ነው!

«ምን አለች?» አሉኝ አደይ።

«ማክሰኞ አይቆጠርም አለች።»

«የት ሄዶ?»

ዘበኛው ዞር ብሎ እስኪያየኝ ሳቅሁ። ፎርሙን እዚያው ሞልተን አስገባን። ቀጠሮው ሲደርስ ዳኛዋ አደይን ሰምተው፣ በርበሬው ሌላ ቦታ ይሰጣ፣ ሴትዮዋ ግን ቤታቸውን አይለቁም አሉ። በርበሬውም ሳን ሆዜ፣ የዛሬዋ ባለቤቴ እናት ግቢ ተሰጣ። ሰርጋችን ላይ አደይ «ቤቴን ያተረፈልኝ ልጅ» ብለው ሲመርቁኝ አንገቴን ደፍቼ አሜን አልኩ።

ሰሞኑን ልጠይቃቸው ሄጄ፣ እዚያው ቤታቸው ተቀምጠን፣ እውነቱን ተናዘዝኩ።

«ማክሰኞ ሰጥቼህ እስከ ሰኞ ዝም ስትል፣ የማላውቅ መስሎሃል?» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን አልተቆጡኝም?»

«ብቆጣህና ብታኮርፍ፣ ማን ይዞኝ ሊሄድ?»

አብረን ሳቅን። ወደ ቤቴ ስነዳ ግን አፈርኩ። ለካ ያን ሳምንት አደይ ከላይ ሆነው የመኪናዬን ድምፅ ሲጠብቁ ሰንብተዋል፤ አንድ ቀን እንኳ በሬን አላንኳኩም።