ልብና ወንጀል በአንድ ጉባኤ

«እኔ የማስተምርህ ፍርድ ነው! የሰው ልብ የእግዚአብሔር ነው፤ ሁለቱን ባንድ አቁማዳ አትክተት!»

«ባንድ አቁማዳ ካልገቡማ፣ የኔታ፣ ያን ሰውዬ በምን ወነጀላችሁት? ገና ሲያዩት ልቡ ያስታውቃል አላላችሁም?»

የኔታ መሬቱን በበትራቸው ወጉት። የቤተ ክርስቲያናችን ደጀ ሰላም ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ከታች ሜዳው ላይ የአገሩ ሰው ሁሉ አውጫጭኝ ተቀምጧል። ጣሊያን ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ የዘረጋው የስልክ ሽቦ በመንደራችን በኩል ተቆርጦበት፣ «ቆራጩን አምጡ፤ አለዚያ መንደሩን አቃጥለዋለሁ» ብሎ ልኮ ነበር። በአውጫጭኝ ደንብ ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። የሚያውቅ ሰውም ራሱን ሳይገልጥ «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ በሽማግሌ ጆሮ ይጠቁማል። ወፏ የመንደራችንን ብረት ቀጥቃጭ ስም ጠራች። ሽማግሌዎቹ ምለው ሊያስረክቡት ነው፤ መሐላውን የሚያስምሉት ደግሞ የኔታ ናቸው። እኔ መጽሐፋቸውን የምሸከም ስለሆንሁ አብሬ ከሜዳው ወጥቻለሁ።

«ሲጠየቅ አላየኸውም?» አሉኝ። «መሬት መሬት ሲያይ፣ ላቡ ጠብ ጠብ ሲል? ንጹሕ ሰው ቀና ብሎ ያያል።»

ሕግ ከሳቸው ስማር፣ ንጹሕ ሰው ለምን ይፈራል፣ ሌባስ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል ብዬ ስጠይቅ፣ «ይህን ነፍስ አባትህን ጠይቅ» ይሉኝ ነበር። ነፍስ አባቴ ደግሞ «የወንጀል ነገር የየኔታ ነው» ይላሉ። ሁለቱ ሲያንከባልሉኝ ጊዜ የልብንና የወንጀልን ጉባኤ ራሴ ዘረጋሁ። ግጥም እገጥማለሁ፤ እሱንም ያለ መምህር ነው የጀመርሁት። ጧት ጧት ከየኔታ አንቀጹን እማራለሁ፤ በገበያ ቀን ዳኛ ዛፍ ሥር ሲቀመጥ ደግሞ ከባለጉዳዮቹ ፊት ቆሜ ጣታቸውን፣ ጉሮሯቸውን፣ የእግራቸውን አቋቋም አያለሁ። እውነተኛው ሲንተባተብ፣ ዋሾው ቃል እንደ ምንጭ ሲወርድለት ስንት ጊዜ አየሁ! ስንኝ ፍለጋ ወጥቼ የሰው ፊት ማንበብ ለምጄ ተመለስሁ።

«የኔታ፣ ያ ሰው ዓይኑን አንሥቶ ያየዎ መቼ ነው?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ቀጥቃጭ ነው። ‹ቡዳ ነው፣ እንዳያይብሽ› እየተባለ፣ ሕፃን እየተሸሸገበት ነው ያደገ። ማረሻ ሊያሠራ የሄደው እንኳ ‹ፊትህን ወደዚያ!› ይለዋል። እርስዎስ ባለፈው ማጭድ ሲቀበሉት በነጠላዎ አልተሸፈኑም?»

የኔታ የነጠላቸውን ጫፍ ሰበሰቡ።

«ዕድሜውን ሙሉ መሬት እይ ስትሉት ኖራችሁ፤ ዛሬ ደግሞ መሬት አየህ ብላችሁ ለገመድ!»

«አፍህን ያዝ፣ አንተ ባለጌ!» ጮኹ። ከዚያ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔስ የማላውቅ መሰለህ፣ ልጄ? ወፏ ማንን እንደምትፈራ፣ ማንን እንደምትንቅ አውቃለሁ። አንድ ሰው ሄዶ መንደሩ ቢተርፍስ? ቤት ውስጥ ሕመምተኛ አለ፣ አራስ አለ።»

«እንግዲያው ፍርድ ነው አይበሉት። ጣሊያንን ፈርተን ሰው ሰጠን ይበሉ።»

«አንተ በቦታዬ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?»

«በቦታዎም ባልሆን ያስተማሩኝን አደርጋለሁ። ዋስ እሆነዋለሁ። ባለርስት ዋስ ከቆመ፣ ምስክሩ ፊት ለፊት ሳይሰማ ተከሳሽ አይሰጥም ብለውኛል። የአባቴ ርስት አለኝ። ወፏም ሰው ሆና ትምጣና ዓይኑን እያየች ትናገር።»

የኔታ ሳቁ፤ ሳቃቸው ደስ አይልም። «የጣሊያን ወታደሮች አለቃ፣ ሹምባሹ፣ ዋስ የሚያውቅ መሰለህ? ሁለታችሁን ባንድ ገመድ ይነዳችኋል እንጂ።»

«ይንዳን! ጣሊያን ቢገድለው ጣሊያን ገደለው። እናንተ ከማላችሁ ግን የገደልነው እኛ ነን።»

«ከዚህ ደፍ ከወጣህ ወደ እኔ ጉባኤ አትመለስም፤ ስማኝ!»

መጽሐፉን ከትከሻዬ አውርጄ አጠገባቸው አስቀመጥሁ።

«የኔታ፣ ይፍቱኝ» አልሁ።

አልፈቱኝም። ደፉን ተሻግሬ ዋስ ልቆም ወደ ሜዳው ስወርድ በሩን ከውስጥ ዘጉት።