ለጥበቃው በዓል የታጨደው ቄጠማ

ዛሬ ወንጪ ሐይቅ ዳር ኦቦ ገመቹ የበዓሉ ድንኳን ደጃፍ ላይ ቆመው አልገባም አሉ።

ወለሉ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፤ ለምለም፣ ረጅም፣ ገና ውሃው ያልደረቀ።

ኦቦ ገመቹ ቱሪስት የሚያመላልሱት የጀልባ ቀዛፊዎች ሰብሳቢ ናቸው። ከባልደረቦቻቸው ጋር ከሐይቁ ዳርቻ አንዱን ክፍል አጥረው ሦስት ዓመት ጠብቀዋል። እንግዳ እንኳ እዚያ አያወርዱም። ቄጠማው ከላይ ከእርሻው የሚወርደውን አፈር ይይዛል፤ ዳክዬም ይፈለፍልበታል። የዛሬው በዓል ለዚህ ሥራቸው ምስጋና የተዘጋጀ ነበር።

«ከየት አመጣችሁት?» አሉ ጉዝጓዙን እያዩ።

«ከአጥሩ ውስጥ ነዋ፣ ኦቦ» አለች አንዷ አዘጋጅ በፈገግታ። «ሌላ ቦታማ ቄጠማ የት አለ? ደግሞ እርስዎን በባዶ መሬት እንቀበል እንዴ?»

ኦቦ ገመቹ ወደ ሐይቁ ወረዱ፤ በዓሉን ልዘግብ መጥቼ ነበርና ተከተልኳቸው። ከአጥሩ ቄጠማ ግማሹ ታጭዷል፤ ግማሹ በችኮላ ከነሥሩ ተነቅሏል።

(የክብር እንግዳው ግን ቄጠማው ላይ ቆመው ስለ ጥበቃ ረጅም ንግግር አድርገዋል።)

«ለክረምቱ መልሶ ይደርስ ይሆን?» አልኳቸው።

«ክረምቱማ ገባ እኮ፣ ጋዜጠኛው።»

ወደ አምቦ ስመለስ ዝናቡ ጀመረ። አሁንም እየዘነበ ነው፤ አፈሩን የሚይዘው ነገር የለም።

ክፋት ቢሆን ኖሮ ያጨዱትን በስም ጠቅሼ እጽፍ ነበር። በእናንተ አካባቢስ እንዲህ ለአክብሮት ተብሎ የጠፋ ነገር አለ? ካለ ከታች ጻፉልኝ። መፍትሔ ያገኘ ካለም ይንገረኝ፤ እኔ የለኝም።