ጆሮ ጠቢዋና ያ ሽሽሽ የሚለው ነገር

ፍርድ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚፈልጋት ሰው አያገኛትም። «ጆሮ ጠቢዋ የት ናት?» ያለ እንደሆነ ግን ዘበኛው ሳይቀር በአገጩ ወደ ደረጃው ያመለክተዋል፤ ላይኛው ፎቅ፣ ከመዝገብ ቤቱ ቀጥሎ ያለችው ጠባብ ክፍል። ስሙ በክፋት የወጣ አይደለም። ሥራዋ በችሎት የተቀዳ ድምፅ እየሰሙ መተየብ ነው። ሁለት ጠበቆች እኩል ሲጮሁ፣ ምስክር አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ሲያልጎመጉም፣ ዳኛው ሲያስሉ እንኳ ከሳሉ ሥር የቀረችውን ቃል ለቅማ ታወጣለች። ሌሎቹ ተያቢዎች ሲቸግራቸው በቅንፍ «አይሰማም» ብለው ያልፋሉ። እሷ ያቺን ቅንፍ ከፍታ አታውቅም። በዚህም ትንሽ ትኮራለች። ትንሽ እንኳን አይደለም፣ በደንብ ነው የምትኮራው፤ ደግሞም ያምርባታል።

የድሮው ማዳመጫዋ አንድ ጎኑ ጭጭ ሲል ልጇ አዲስ ገዛችላት፤ ጆሮ ውስጥ የሚወተፍ፣ ከባቄላ የማይበልጥ። ስስ ነው፣ ትንፋሽ ይይዛል ብላ አሞካሽታ ነው የሰጠቻት፤ አልዋሸችም። ጆሮ ጠቢዋ ኮምፒውተሯ ላይ ሰክታ ስትከፍተው ዳኛው ወረቀት ሲገልጡ፣ አንዱ ወንበር ሲስብ፣ ሌላው ምራቁን ሲውጥ ሰማች። ከዚያ ሰዎቹ ዝም ሲሉ ሌላ ነገር ሰማች። ሽሽሽ። ቅጂውን አቆመችው። ሽሽሽ።

ይህን ድምፅ በዝና ታውቀዋለች። እናቷ ልክ በእሷ ዕድሜ ሳሉ «ቧንቧውን ማን ከፍቶት ሄደ?» እያሉ ከወጥ ቤት ወደ መታጠቢያ ቤት፣ ከመታጠቢያ ቤት ወደ ጓሮ ይመላለሱ ነበር። ቧንቧው ሁሉ ዝግ ነው። ቤተሰቡ ምንም የለም እያለ ይስቅባቸዋል። ውሎ አድሮ እናትየው ቧንቧውንም ረሱት፣ በር ሲንኳኳም መስማት ተዉ።

ማዳመጫውን ስትነቅለው ሽሽሹ ይጠፋል። ይህ ግን አላጽናናትም። ጆሮ ሲወተፍ የራሱን ሕመም ይሰማል፤ ሲከፈት የመንገዱ ጫጫታ ይሸፍንለታል ብላ ለራሷ ተረጎመችው። ለማንም አልተናገረችም። የጆሮ ጠቢ ጆሮ ታመመ ከተባለ ምን ሥራ ይቀራታል?

በዚያው ሳምንት አለቃዋ አንድ ቅጂ ይዞላት መጣ። ምስክሯ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ ድምፃቸው ከትንፋሽ ብዙም አይበልጥም። ያን ቀን ቤት ውስጥ ማን ነበር ተብለው ሲጠየቁ የመለሱትን ከተያቢዎቹ አንድም የሰማ የለም። ይቺ ያንቺ ናት፣ ሰኞ ችሎቱ ይፈልጋታል ብሏት ወጣ።

ደጋግማ ሰማችው። ጥያቄው ጥርት ብሎ ይመጣል፤ መልሱ ላይ ሽሽሽ። ድምፁን ከፍ እንዳታደርገው ጠበቃው ቀጥሎ ይጮሃል፤ በዚያ ስስ ማዳመጫ የጆሮዋን ታምቡር ይበጥሰዋል። የቢሮው ልማድም አይፈቅድም። አንድ ጊዜ የአንድ ባልና ሚስት የፍቺ ጉድ ከኮምፒውተር አፈትልኮ ኮሪደሩን ሙሉ ሲያስቅ ከዋለ ወዲህ፣ እዚያ ክፍል የኮምፒውተር ድምፅ ከዝቅተኛው ልኩ ከፍ ብሎ አያውቅም። ቅዳሜ ከቀትር በፊት፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ጆሮ ጠቢዋ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያቺን ቅንፍ ከፈተች። አልዘጋቻትም።

ባሏ ሊወስዳት የመጣው ይሄኔ ነው። የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ የመኪናውን በሽታ በሳሉ የሚለይ ሰው። ሳምንቱን ሙሉ እሱን መጠየቅ ፈርታ ነበር። «ምንም የለም» ካላት አለቀ፤ እናቷም የተባሉት ይህንኑ ነው። ግን የተከፈተችው ቅንፍ አፏን ከፍታ ታያታለች። ፈሪነቷ ሰለቻት። አንዱን ማዳመጫ ከጆሮዋ ነቅላ በቀሚሷ ጠርጋ ሰጠችው።

«ያዝ። ምን ይሰማሃል?»

ወተፈው፤ ሞተር ላይ ሲያጎነብስ እንደሚያደርገው ዓይኑን ጨፈነ። «የሚናገር ሰው የለም እኮ» አላት።

«ዝም ብለህ ስማ።»

እሷ የፊቱን መጨማደድ ትቆጥራለች። ከዚያ ዓይኑን ገለጠና ወደ ኮሪደሩ ዞረ።

«ማነው ቧንቧ ከፍቶ የሄደው?»

ጆሮ ጠቢዋ ሳቀች። ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ባሏ ምን እንዳስቃት ባይገባውም አብሮ ሳቀ፤ ሃያ ምናምን ዓመት የኖሩት እንዲህ ነው።

ከዚያ በኋላማ ማን ይቻላት። ማዳመጫውን የባሏ ስልክ ላይ ሰካችው፤ ጸጥ። ስለዚህ ጆሮዋም ማዳመጫውም ደህና ናቸው። ወደ ኮምፒውተሩ መለሰችው፤ ቅጂውን ከፍታ ድምፁን ጨርሳ ስትዘጋው ንግግሩ ጠፋ፣ ሽሽሹ ግን እንዳለ ነው። ገባት። ሽሽሹ የኮምፒውተሩ የሆዱ ጩኸት ነው፤ ሁልጊዜም ነበረ፤ የድሮው ደንቆሮ ማዳመጫ አያወጣውም ነበር እንጂ። የቢሮው ሰዎች ደግሞ በልማዳቸው ንግግሩን ከሥር አንቀው ይዘው ከሽሽሹ ጋር ትከሻ ለትከሻ አቁመውታል። ንግግሩ ከምንጩ ከፍ ማለት አለበት፤ ከዚያ ሁለቱም ጆሮ አጠገብ ሲደርሱ አብረው ይቀነሱ።

መሳቢያዋን በረበረችና መሐሉ ላይ ድምፅ መቀነሻ መዘውር ያለባት አሮጌ መቀጠያ ገመድ አወጣች። በእሷ በኩል ማዳመጫውን ሰካች፤ መዘውሯን ቁልቁል አዞረች፤ የቢሮውን ልማድ ጥሳ የኮምፒውተሩን ድምፅ ሽቅብ ለቀቀችው።

«ነዳጅ ረግጠሽ ፍሬን መያዝ ነው በይኛ» አላት ባሏ።

«እንደሱ ነው። ዝም በል አሁን።»

ሽሽሹ ራቀ፣ ራቀ፣ ጠፋ። ጥያቄው መጣ። ከዚያ የአሮጊቷ ትንፋሽ፣ ከትንፋሹ ውስጥም ቃል። ጆሮ ጠቢዋ ቅንፏን ሰረዘችና ተየበች፦ «ማንም አልነበረም። እኔና ድመቷ ብቻ።»

ሰኞ አለቃዋ ገጹን ይዞ ክፍሏ በር ላይ ቆመ። ቅጂውን በራሱ ጆሮ ሊሰማ ሞክሮ ነበርና እንዴት ሰማሽው ብሎ ጠየቃት።

«ቧንቧውን ዘጋሁታ» አለችው፣ ቀና ሳትል።

ሰውዬው ወደ መታጠቢያ ቤቱ አየ። ማዳመጫዋን ወትፋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።