ልጅ ያላት ጉማሬ

ሰው ወፍ ለማየት ማኅበር ይገባል ብሎ የሚያምን ጎረቤት አልነበረኝም። ሹም አቦ ሰፈር ማኅበር ማለት ወይ የጽዋ ነው ወይ የቀበሌ፤ ሦስተኛ አይታወቅም። ስለዚህ እሑድ እሑድ አቅራቢ መነጽር አንግቤ ወደ ሐይቁ ስወርድ ግማሹ ባል ፍለጋ ነው አለ፤ ግማሹ ደግሞ ከበላይ የተላክኩ መስሎት ሰላምታውን አሳጠረ። ፊት ለፊት የሚስቅብኝ ታናሽ ወንድሜ ብቻ ነበር። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኩት እኔ ስለሆንኩ የመሳቅ መብት ነበረው።

እውነቱን ለመናገር የገባሁት ስለሰለቸኝ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ የጽሕፈት መኪና ስቀጠቅጥ እውላለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ስብሰባ፣ ከስብሰባ ስወጣ ውይይት። አፌን ዘግቼ ዓይኔን ብቻ የማሠራበት ቦታ አማረኝ። ማኅበሩ ያንን ሰጠኝ። አባላቱ ጥቂት አስተማሪዎች፣ አንድ የጤና ጣቢያ ድሬሰርና እኔ ነበርን። ሊቀ መንበራችን ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ናቸው፤ በልጅነታቸው ደሴት ገዳም ገብተው ቅኔ የተማሩ ሰው። አንድ ሕግ ብቻ ነበራቸው፤ በዓይን ያልታየ አይጻፍም። «ይመስለኛል» የሚል ሰው ከተገኘ መነጽሩን ተቀብለው ለሌላ ይሰጡታል። አንድ ጊዜ ድሬሰሩ የንስር ድምፅ ሰማሁ ቢላቸው፣ የሰማኸውን ለሚስትህ ንገራት አሉት።

ቀበሌው ያለ ታዛቢ መሰብሰብን ስለማይፈቅድ አንድ አብዮት ጠባቂ መደበልን። መጀመሪያ ላይ ጠመንጃውን ታቅፎ ዋርካ ሥር ይተኛ ነበር። መምህር ግን አጠገባቸው የቆመን ሰው ሳያስተምሩ መተው አይችሉም። ዝይን ከዳክዬ፣ የሚመገብ ወፍን ከደነገጠ ወፍ እንዲለይ አደረጉት። ብዙም ሳይቆይ ከእኛ ቀድሞ የሚደርስ፣ ከእኛ አብልጦ የሚያይ ሰው ወጣው። ደስ ይለን ነበር። እኔም ደስ ይለኝ እንደነበር ሳስታውስ ዛሬም እበሽቃለሁ።

ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና መጣ። ወንድሜ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ቤት ተቀምጧል። አፈሳው ከገበያ ጀምሮ ቤት ለቤት ደረሰ። ከጎረቤቶቻችን ልጆች ሁለቱ ሄደው የአንዱ መርዶ መጣ፤ ከሌላው መርዶም አልመጣ። የእኔን አልሰጥም አልኩ። ለማን እንዳልኩት አላውቅም፤ ብቻ እጄን የልብስ እጥበት ውስጥ ነክሬ ብቻዬን አልኩት። ገጠር፣ ሰባታሚት ዘመዶቻችን ጋ እንዳልልከው፣ እዚያም የገበሬ ማኅበሩ ይፈትሻል።

መደበቂያ እንዲሆነው የሐይቁን ደንገል የመረጥኩለት እኔ ነኝ። ከማኅበሩ ጋር ስዞር፣ ከዳር ሲያዩት ጥቅጥቅ ያለው ደንገል ውስጡ ሰው የሚቀመጥበት ደረቅ ጉብታ እንዳለው አይቼ ነበር። ወንድሜ እዚያ መዋል ጀመረ። ጎህ ሲቀድ በመነጽሩ ቦርሳ በሶና ዳቦ ይዤለት እሄዳለሁ። ቢጠይቁኝ ወፍ እያየሁ ነው፤ ማኅተም ያለበት ፈቃድ አለኝ። የመጀመሪያ ቀን ዳቦውን ሲቀበለኝ፣ «አሁንስ እኔም ወፍሽ ሆንሁ» አለኝ። ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም።

በቀጣዩ እሑድ ሁላችንም ዳር ቆመናል። ዳክዬዎች መጥተው ደንገሉ ላይ ያንዣብባሉ፤ ሊያርፉ ሲሉ ተመልሰው ይነሣሉ። አብዮት ጠባቂው መነጽሩን ከዓይኑ አወረደ።

«መምህር፣ እዚያች ላይ ለምን አያርፉም?» አለ። «ሌላው ጋ ያርፋሉ። እዚያ የሚፈሩት ነገር አለ።»

ልክ ነበር። መምህርም ያስተማሩት ይህንኑ ነው። እኔ ግን ምላሴ ቀደመኝ፤ ጉማሬ ነው፣ ትናንት አይቻለሁ አልኩ። ድሬሰሩ እስካሁን ለምን አልተናገርሽም ብሎ ተቆጣኝ። የአብዮት ጠባቂው ፊት ግን በራ። ጉማሬ የገበሬውን በቆሎ ትጨርሳለች፤ ሚሊሺያ ጠርቼ ዛሬውኑ አስገድላታለሁ አለና ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። በገዛ አፌ ወንድሜን ለጥይት ሰጠሁት። ቃሌን መልሼ እንዳልውጠው፣ ጉማሬ ካልሆነ ምንድን ነው ሊሉኝ ነው።

መምህር እጃቸውን ዘርግተው መነጽሩን ተቀበሉት። ብዙ ቆይተው አዩ። እኔ የማየው ጣታቸውን ነበር፤ መነጽሩን ለማጥራት መዞሪያውን ቀስ እያለ ሲያዞር ቆይቶ በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ። የሆነ ነገር ጠርቶ ታይቷቸዋል።

«ልጅ አለ» አሉ።

ደንገል ውስጥ የተቀመጠ ልጅ አይተው ልጅ አለ አሉ፤ ሌላ ምን ይበሉ? ያላዩትን የማይናገሩ ሰው ያዩትን ተናገሩ። አልጠላኋቸውም፤ ፈራሁ እንጂ።

እሳቸው መነጽሩን ከዓይናቸው ሳያነሡ ቀጠሉ። «ልጅ ያላት ጉማሬ ናት። እንዲህ ያለችቱ ታንኳ ገልብጣ ሰው ትፈጃለች። ተኩሰህ ብትስታት ደግሞ ከተማ ድረስ ትመጣብሃለች። ልጇ እስኪጠና ማንም ሰው እንዳይጠጋ።» ከዚያ ወደ ጸሐፊያችን ዞሩና፣ «ይጻፍ» አሉ።

አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን መልሶ አነገተ። የእሳቸውን ቃል የሚጠራጠር ሰው በማኅበሩ ውስጥ አልነበረም። እንዲያውም ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ የሚያልፈውን ዓሣ አስጋሪ ሁሉ እንዳይጠጋ ሲያስጠነቅቅ ሰነበተ። ለወንድሜ ዘብ ቆመለት። መምህር ግን ያችን ሕጋቸውን ዳግመኛ ሲናገሩ አልሰማሁም።

ወንድሜ ግን ደንገል ውስጥ መክረም አልቻለም። ወባ ጣለችው፤ እያደር ከሳ። ትንሽ ሻል ሲለው በታንኳ ወደ ምሥራቁ ዳር ተሻግሮ፣ ከሐሙሲት የጎንደር አውቶቡስ ይዞ፣ ከዚያ ወደ ሱዳን ሊወጣ ቆረጠ። መንገድ ላይ ስላለው ኬላ ነገርኩት፤ አውቃለሁ አለኝ። ሹራቤን አውልቄ አለበስኩት። ሲደርስ መልእክት እንደሚልክልኝ ቃል ገባልኝ።

በተከታዩ እሑድ ዳክዬዎቹ መጥተው ደንገሉ ላይ አረፉ። አብዮት ጠባቂው ጉማሬዋ ሄዳለች ብሎ ከልቡ አዘነ፤ ግልገሏን ለማየት ጓጉቶ ነበር። መምህር ዳክዬዎቹን ጥቂት አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጁስ? በደኅና ገባ?» አሉኝ።

ሰዉ ሁሉ ስለ ጉማሬዋ ልጅ የተጠየቅኩ መስሎት መልሴን ይጠብቃል። መዋሸት እችል ነበር፤ ለምጄዋለሁ። እሳቸውን ግን አቃተኝ።

«በዓይኔ አላየሁም፣ መምህር» አልኋቸው።

አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ወዲህ ስለ ወንድሜ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ነግሮኛል። አንዱ ኬላ ላይ ተይዞ ጦር ሜዳ ወረደ ይላል፤ ሌላው ካርቱም አየሁት ይላል። ጠበቅ አድርጌ ስጠይቃቸው ሁሉም «ይመስለኛል» ላይ ይደርሳሉ። ስለዚህ ለቅሶ አልተቀመጥኩለትም።