በኬን የተረፈው ጥድ

ባለፈው ዓርብ ጠዋት ሽኩና ዩድ አሌፍ በሚባለው ሰፈር አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ከፌርማታው ጀርባ ካለው ባዶ መሬት አንዲት ሖሒት የደረቀ ኮሸሽላ ላይ ተንጠልጥላ ፍሬውን ስትለቅም አየሁ። ፊቷ ቀይ፣ ክንፏ ላይ ቢጫ መስመር ያለባት ትንሽ ወፍ ናት። ልጅ ሳለሁ እዚያው ቦታ በመንጋ ነበር የሚያርፉት፤ ሲነሡ ሜዳው አብሯቸው ብድግ የሚል ይመስል ነበር። አሁን አንዲት ብቻ። አውቶቡሴ መጣ፤ አልተሳፈርሁም።

ወታደር ቤት ከመግባቴ በፊት በነበረው ጸደይ ከአጎቴ ከጋሼ አያሌው ጋር ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የሽኬድ እርሻ እሠራ ነበር። ኦሪቱ ለውዝ የሚለው ዛፍ ነው። ባለቤቱ ሺሞን ይባላል፤ ድምፁ እንደ ትራክተሩ ነው። በእርሻው ዳር በአባቱ ዘመን ነፋስ እንዲከልሉ የተተከሉ የፈረንጅ ጥዶች ነበሩ። አጎቴ፣ "እዚህ አገር ፈረንጁ ማን ሆኖ ነው የፈረንጅ ጥድ የምንለው?" እያሉ ይስቃሉ። ጥዶቹ ውኃ ይሻማሉ፣ ለማሽኑም መንገድ ይዘጋሉ እየተባለ ተቆርጠው አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር። ሖሒቶቹም አብረው ሳሱ። የሚለቅሙትን ኮሸሽላ የትም ያገኛሉ፤ ጎጆ የሚደብቁበት ያረጀና ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ነው ያጡት።

አንድ ቀን ከዚያ ጥድ ሥር ምሳ እንበላለን። ዳቦ ይዘናል፤ ከዛፍ የቀጠፍነውን እንጭጭ ሽኬድ ደግሞ አጎቴ በሚጥሚጣ ያስነኩታል፤ ኮምጠጥ ብሎ ያቃጥላል። አንዲት ሖሒት ጥዱ ውስጥ ገባች፣ ቀጭን የጫጩት ድምፅም ተሰማ።

"ጎጆ በዕብራይስጥ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ኬን።"

"ኬን አዎ ማለት አይደለም እንዴ?"

"ሲጻፍ ይለያያል፣ ጋሼ። ሲነገር ግን አንድ ነው።"

"ለካ ጎጆ የወጣ ሁሉ አዎ ባይ የሚሆነው ለዚህ ነው!"

በማግስቱ ከእርሻው ወዲያኛው ጫፍ የውኃ ቱቦ ስጠግን የመጋዝ ሞተር ሰማሁ። ቀና ስል ሺሞን መጋዙን ይዞ ጥዱ ሥር ቆሟል፤ አጎቴ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ይጮኻሉ። እየሮጥሁ ስቀርብ ነገሩ ገባኝ።

"ልጀምር?" ይላል ሺሞን።

"ኬን! ኬን!"

"ኬን፣ ኬን፣ ሰማሁ!" አለና መጋዙን አስጠጋ።

አጎቴ ግንዱን አቅፈው ተለጠፉበት። "ኧረ በእግዜር! ኬን እላለሁ እኮ!"

"ሎ! አይሆንም፣ አቁም!" አልሁ ትንፋሽ አጥሮኝ። "የወፍ ጎጆ ማለታቸው ነው!"

ሺሞን ሞተሩን አጠፋ። ቅርንጫፉን ገለጥ አድርጎ አየ፤ የተከፈቱ ትንንሽ አፎች ነበሩ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። "ሰው ዛፍ አቅፎ አዎ አዎ ሲለኝ፣ የሚሰናበተው መስሎኝ ነበር እኮ!"

"ጋሼ፣ ምነው ሎ ቢሉት?" አልኋቸው።

"አንተ ኬን ካስተማርኸኝ ወዲህ ሌላው ሁሉ ከአፌ ጠፋ" አሉ፣ ከደረታቸው ቅርፊት እያራገፉ።

ሺሞን ጫጩቶቹ እስኪበሩ ሊጠብቅ ተስማማ። በረሩ፤ መጋዙ ግን አልተመለሰም። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ "ታዲያ ምሳ የት ልንበላ ነው?" አለኝ።

ባለፈው ዓርብም የራሴን አውቶቡስ አሳልፌ፣ በዚያ እርሻ በኩል የሚያልፈውን ጠብቄ ሄድሁ። ጥዱ ብቻውን ቆሟል፤ ጫፉ ትንሽ ደርቋል፤ ሥሩ ግን እንደ ድሮው ጥላ ነው። አንድ ዛፍ የጠፉትን መንጋዎች እንደማይመልስ አውቃለሁ። ጆሮዬን ወደ ቅርንጫፎቹ አስጠጋሁ። ከውስጥ ያ ቀጭን ድምፅ መጣ።

ሽኩና ቫቭ ለሚኖሩት አጎቴ ደወልሁ። "ጋሼ፣ ከጥዱ ሥር ነኝ።"

ሰላም እንኳ ሳይሉኝ፣ "ኬን አለ?" አሉ።

"ኬን።"

"የቱን ነው ያልኸኝ?"

"ሁለቱንም፣ ጋሼ።"